ላክሁ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም

ልጄ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ሳላድበሰብስ ልንገርህ። የሠራኸው ሚዛን ያማረ ነው። የበርበሬ ጆንያ ሲያርፍበት ቁጥሩ ቶሎ ይረጋል፤ ክብደቱን በዩኤስቢ ገመድ ለላፕቶፑ ያቀብላል፤ ላፕቶፑም ከገበሬው ስም ትይዩ ይመዘግበዋል። ይህንን ከፍኖተ ሰላም ጀምሬ እስከ ቡሬ ላሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አደርሳለሁ ማለትህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም ፈርምዌሩን፣ በሚዛኑ ውስጥ የጻፍኸውን ኮድ፣ ከላይ እስከ ታች ካነበብሁ በኋላ ዝም ብል ሽማግሌነቴ ምን ይረባል? ሚዛንህ መመዘኑን ያውቃል፤ የላከው መድረሱን ግን አንድም ቦታ ላይ አይጠይቅም። "ጻፍ" ብሎ ያዝዝና፣ ያው ደረሰ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

በእኛ አገር የበርበሬ ሚዛን ቀላል ነገር አይደለም። ከጃቢ ጠህናን እስከ ቡሬ ባለው ምድር በቆሎው ለጎተራ ነው፤ በርበሬው ግን ለገበያ ነው። የማዳበሪያው ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጆቹ ደብተርና ልብስ የሚገዛው፣ ለዓመት በዓሉ የሚታረደው ከዚያ ነው። ገበሬው ጆንያውን በአህያ ጭኖ፣ ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ፣ ተሰልፎ ካስመዘነ በኋላ ከመዝገብህ ላይ አንድ መስመር ቢጠፋ የጠፋው የአንድ ቤተሰብ የወራት ላብ ነው። እሱ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያየውን ቁጥር እንጂ በገመዱ ውስጥ የሆነውን አያይም። ስለዚህ አንተ ልታይለት ግድ ነው።

ምን እንደሚሆን ላሳይህ። የተጠቀምህበት ኤስቲኤም32ኤፍ103 የሚባለው ቺፕ፣ ልጆቹ "ብሉ ፒል" በሚሉት ርካሽ ሰሌዳ ላይ ያለው፣ ለዩኤስቢ ፓኬት የሚሆን 512 ባይት ማስታወሻ አለው። "ጻፍ" ስትል ኮድህ ክብደቱን ከዋናው ማስታወሻ ወደዚያች ጠባብ ስፍራ ይገለብጠዋል፤ ከዚያም ኤንድፖይንቱን፣ የፓኬቱን መውጫ በር፣ "ቫሊድ" ብሎ ያዘጋጃል። ዝግጁ ሆነ ማለት ነው እንጂ ገና አንዲት ቢት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ላፕቶፑ ለጥቂት ጊዜ ሳይጠይቅ ቢዘገይና ኮድህ በዚያው ስፍራ የሚቀጥለውን ቁጥር ቢጽፍበት፣ የመጀመሪያው ጆንያ እንዳልተመዘነ ይሆናል። የስሕተት መልእክት የለ፣ ቀይ መብራት የለ። መዝገቡ ሙሉ ይመስላል፤ አንድ ሰው ግን ከውስጡ ጠፍቷል።

ከዚህ የከፋም አለ። የመጀመሪያው ቁጥር 48.90፣ ቀጣዩ 51.20 ነው እንበል። ቺፑ 48 የሚሉትን ሁለት ፊደላት በገመዱ ላይ አውጥቶ የቀሩትን ሊያወጣ ሲል ኮድህ በላዩ ላይ አዲሱን ቁጥር ከገለበጠበት፣ ላፕቶፑ የሚያነበው 48.20 ነው። ሰባት መቶ ግራም ጠፋ። ቁጥሩ ደግሞ እውነተኛ ይመስላል። "ሲአርሲ የሚባል መፈተሻ አለ፣ እሱ ይይዘዋል" ትለኝ ይሆናል። አይይዘውም። ያ መፈተሻ የሚሰላው ባይቶቹ እየወጡ ሳለ ነው፤ ስለዚህ የተቀላቀለው ቁጥር የራሱን ትክክለኛ ማረጋገጫ ይዞ ይደርሳል። ሲአርሲ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ባፈርህን፣ ያችን ጠባብ ስፍራ፣ የምትጠብቀው አንተ ነህ።

እንዲህ ያለው ግጭት ብርቅ ነው፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በሚዛንህ ውስጥ ክብደቱን የሚያነበው ኤችኤክስ711 ቺፕ በሰከንድ ቢበዛ 80 ጊዜ ያነባል፤ በሁለት ንባብ መካከል 12 ሚሊሰከንድ ተኩል አለ። 64 ባይት የሞላ ፓኬት ደግሞ በ12 ሜጋቢት ፍጥነት ለማለፍ የሚፈጅበት 43 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው። በጠረጴዛህ ላይ፣ ሌላ ሥራ በሌለው ላፕቶፕ፣ ቀኑን ሙሉ ብትሞክረው ላታገኘው ትችላለህ። የገበያ ቀን፣ ላፕቶፑ ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ፍላሽ ተሰክቶበት፣ ፕሪንተር ተቀጥሎበት ሲጨናነቅ ያን ጊዜ ይመጣል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር።

አሁን የዩኤስቢን ጠባይ እንይ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ዩኤስቢ በ1988 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥር 1996 የመጀመሪያ ደንቡ ሲወጣ አንድ ነገር ተወሰነ፦ በገመዱ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል አስቸኳይ ነገር ቢኖረው ሳይጠየቅ አንድ ቃል አይተነፍስም። ዩኤስቢ 2.0 በ1992 ዓ.ም. ሲመጣም ፍጥነቱ ወደ 480 ሜጋቢት አደገ እንጂ ይህ ሥርዓት አልተነካም። ምክንያቱ ጤነኛ ነው፤ ዕውቀቱና ወጪው በኮምፒውተሩ በኩል ስለሚሆን ማውዝና ኪቦርድ በርካሽ ይሠራሉ። ኮምፒውተሩ "ያለህን አምጣ" ይላል፤ መሣሪያው ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው "ናክ" ይላል። ናክ ስሕተት አይደለም፤ "አሁን የለኝም፣ ኋላ ጠይቀኝ" ማለት ነው። ቺፑ ራሱ ይመልሰዋል፤ አንተ አትደክምበትም።

ወፍጮ ቤት ሄደህ ታውቃለህ። እህልህን በጆንያ ይዘህ ተራህን ትጠብቃለህ፤ ባለ ወፍጮው ሳይጠራህ አትገባም። ሲጠራህ ጆንያውን ተቀብሎ እህሉን ከአፉ ላይ ይገለብጥና ባዶውን ጆንያ ይመልስልሃል። ባዶው ጆንያ እጅህ ሳይገባ ሌላ እህል ልትሞላበት ብትሞክር በዚያው ጆንያ ውስጥ ጤፉና በቆሎው ይደባለቃል። ያ ባዶ ጆንያ ነው የኤንድፖይንቱ የመላክ ማብቂያ ምልክት። ሌላም ነገር ልብ በል፤ ጆንያው ተመለሰልህ ማለት እህሉ ተፈጨ ማለት አይደለም። ወደዚህኛው ኋላ እመለሳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነውና።

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላሉ አባቶች። በገመዱ ላይ የነበረው ቺፑ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ፓኬቱን ያለ እንከን ሲቀበል "አክ" ይላል። ያ አክ ሲደርስ ቺፑ ኤንድፖይንቱን ከቫሊድ ወደ ናክ ይመልስና "ሲቲአር ቲኤክስ" የምትባለውን ቢት አንሥቶ ኢንተራፕት፣ ዋናውን ዑደት የሚያቋርጥ ጥሪ፣ ያስነሣል። አክ ካልደረሰ ምልክቱ አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲጠይቅ ያንኑ ፓኬት ይሰጠዋል። አክ በመንገድ ላይ ቢጠፋስ? ኮምፒውተሩ አንዴ የተቀበለውን ዳግም ያገኛል። ለዚህም መላ አለ፤ እያንዳንዱ ፓኬት "ዳታ 0" ወይም "ዳታ 1" የሚል ምልክት በየተራ ይይዛል። ተራው ያልተለወጠ ፓኬት የመጣ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ ድጋሚ መሆኑን አውቆ ይጥለዋል፤ አክ ግን ይላል። ይህ ሁሉ ያላንተ ይሠራል። ከአንተ የሚፈለገው ምልክቱን መጠበቅ ብቻ ነው፤ እሱንም ነው የዘለልኸው።

የአምራቹን ላይብረሪ ነው የተጠቀምሁት እንደምትል አውቃለሁ። ላይብረሪው ነግሮሃል እኮ! "ሲዲሲ ትራንስሚት ኤፍኤስ" የሚለው ፈንክሽን የቀድሞው ፓኬት ገና ካልሄደ "ዩኤስቢዲ ቢዚ" ብሎ ይመልሳል። አንተ ግን የመለሰልህን ሳታይ አልፈሃል። በሌላ ቦታ ደግሞ ላይብረሪውን ትተህ በቀጥታ ጽፈሃል። ፈንክሽን የሚመልሰውን አለማንበብ ምክር ጠይቆ መልሱ ሳይነገር ተነሥቶ መሄድ ነው።

ሌላም ያየሁብህ ነገር አለ። በዋናው ማስታወሻ ያለውን ባፈር በፈንክሽኑ ውስጥ አውጀሃል። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ያ ማስታወሻ የሌላ ተለዋዋጭ መኖሪያ ይሆናል። ይህ ቺፕ ወዲያው ስለሚገለብጥ አሁን አልጎዳህም ይሆናል፤ ነገ በዲኤምኤ ወደሚሠራ ቺፕ ስትሸጋገር ግን ሃርድዌሩ ከቆየ በኋላ መጥቶ ከዚያው አድራሻ ያነባል፤ የሚያገኘውም ሌላ ነገር ነው። የማብቂያው ምልክት እስኪመጣ ባፈሩ የአንተ አይደለም። በቋሚ ማስታወሻ አስቀምጠው፣ እጅህንም አንሣለት።

አሁን ምልክቱን እንዴት እንደምትይዘው ልንገርህ። "ሥራ ላይ ነው" የምትል ፍላግ አድርግ። ፍላጓን የምታነሣት ከመላክህ በፊት ነው። ልከህ ኋላ ብታነሣት ኢንተራፕቱ በመካከል ገብቶ "አልቋል" ብሎ ሊያወርዳት ይችላል፤ አንተ ደግሞ ከእሱ በኋላ ታነሣታለህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወርዳት የለም። ሚዛኑ ለዘላለም ሥራ ላይ ነኝ እያለ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ፍላጓንም "ቮላታይል" ብለህ አውጃት፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ አንዴ ያያትን ደግሞ ላያያት ይችላል።

የዚህ ቺፕ ሬጂስተር ራሱ ወጥመድ አለበት፤ ጥቂት ቆም ብለህ አስተውለው። በአንዱ የኤንድፖይንት ሬጂስተር ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ ቢቶች አብረው ይኖራሉ። አንዳንዱ እንደጻፍህለት ይቀመጣል። አንዳንዱ 1 ስትጽፍበት ይገለበጣል፣ 0 ስትጽፍበት ባለበት ይቆያል። ሁለቱ የሲቲአር ቢቶች ደግሞ 0 ስትጽፍባቸው ይጠፋሉ፣ 1 ስትጽፍባቸው ባሉበት ይቆያሉ። አንተ እንደ ልማድህ ሬጂስተሩን አንብበህ፣ አንድ ቢት ለውጠህ መልሰህ ትጽፋለህ። ስታነብ ሲቲአር 0 ነበረ፤ ልትጽፍ ስትል ሃርድዌሩ 1 አደረገው፤ አንተ ያነበብኸውን 0 መልሰህ ጻፍህበት። የማብቂያውን ምልክት በገዛ እጅህ አጠፋኸው። ስለዚህ ልታጠፋቸው ካልፈለግህ በስተቀር በሁለቱም ላይ ምንጊዜም 1 ጻፍ። አርኤም0008 በሚባለው የቺፑ መመሪያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ከሌላ ሰው ኮድ ከመቅዳትህ በፊት ያንን የዩኤስቢ ምዕራፍ ሁለት ሦስቴ አንብበው።

ኢንተራፕቱ ውስጥ ብዙ አትሥራ። ምልክቱን አጥፋ፤ የሚቀጥለው ፓኬት ተዘጋጅቶ ካለ ላከው፤ ከሌለ ፍላጓን አውርድ፤ ውጣ። ክብደት ማስላቱን፣ ስክሪን ላይ መጻፉን ለዋናው ዑደት ተውለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በኢንተራፕት ውስጥ ሆነህ የመላክን ማብቂያ አትጠብቅ። የምትጠብቀው ምልክት የሚመጣው በዚያው በያዝኸው በር ነው፤ አንተ ካልወጣህ እሱ አይገባም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ እየደረቀ የሚያስቸግር መሣሪያ ነበር፤ ሲፈተሽ የተገኘው ይኸው ነው። ሰዎቹ ግን ገመዱንና ኮምፒውተሩን እየቀያየሩ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ነበር።

ንባቡና መላኩ እንዳይጋጩ ሁለት ባፈር አድርግ፤ አንዱ ሲሄድ በሌላው ትጽፋለህ። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም። የበለጠ ከፈለግህ ክብ ባፈር ሥራ፤ ዋናው ዑደት ከፊት እየጨመረ፣ የማብቂያው ኢንተራፕት ከኋላ እየቀነሰ እንዲሄድ። ክቡ ሲሞላ ምን እንደምታደርግ ግን አሁኑኑ ወስን። ለሙዚቃ ወይም ለማውዝ ቢሆን የቆየውን ጥሎ ማለፍ ያባት ነው። ለገበሬ ሚዛን ግን አይፈቀድም። ቦታ ከሌለ በስክሪኑ ላይ "አልተላከም፣ ጠብቅ" ብለህ ጻፍና ቀጣዩን ጆንያ አትመዝን። ሰልፈኛው ያጉረመርም ይሆናል፤ ያጉረምርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ፤ ምልክቱ ጨርሶ ባይመጣስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ኮዱን አሻሻልሁ ብለህ ምልክቱ እስኪመጣ በቆመበት የሚሽከረከር ዑደት ጨምረህበት ይሆናል። ላፕቶፑ ላይ ክብደቱን የሚያነበው ፕሮግራም ካልተከፈተ ኮምፒውተሩ ያንን ኤንድፖይንት ላይጠይቅ ይችላል። ካልጠየቀ አክ የለም፤ አክ ከሌለ ምልክት የለም፤ ሚዛንህም እዚያው ዑደት ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ላፕቶፑ ሊተኛም ይችላል፤ በገመዱ ላይ ለ3 ሚሊሰከንድ ዝምታ ከሆነ መሣሪያው ዕረፍት መግባት አለበት። አንድ ሰው በእግሩ ገመዱን ሊመታው ይችላል። በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ማኅበሩ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ከተጠቀመ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሚዛንህ ግን በራሱ ባትሪ በሕይወት አለ፤ ለማይመጣ አክም ይጠባበቃል። የራሱ ኃይል ያለው መሣሪያ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን የ5 ቮልት መስመር መከታተል ግዴታው ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ የመገኘቱን ምልክት፣ ያንን 1.5 ኪሎኦም ረዚስተር፣ ከዲ ፕላስ ላይ ማንሣት አለበት።

ስለዚህ የባስ ሪሴት ሲመጣ፣ ገመዱ ሲነቀል፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ኮንፊግሬሽን ሲያዝዝ ፍላጓን አጽዳ፤ በጉዞ ላይ የነበረውን ፓኬት ግን "አልደረሰም" ከሚባሉት ጋር መልሰህ አስቀምጠው። በእነዚህ ጊዜያት የድሮው ማብቂያ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ አይመጣም። የጊዜ ገደብም አድርግ። ጊዜው አለፈ ብለህ ግን በባፈሩ ላይ ዝም ብለህ አትጻፍ። ፓኬቱ አሁንም ቫሊድ ሆኖ ተቀምጧል፤ በዚያችው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ሊወስደው ይችላል። መጀመሪያ ወደ ናክ መልሰው፤ ከዚያ ሲቲአርን አይ፤ በመካከል ሄዶ እንደ ሆነ መሄዱን ተቀበል፤ ካልሄደ ብቻ ባፈሩን ውሰድ።

ስለ 64 ባይትም ላስጠንቅቅህ። በ12 ሜጋቢት ፍጥነት "ባልክ" የሚባለው የዩኤስቢ ዝውውር የፓኬት ጣሪያው 64 ባይት ነው። ኮምፒውተሩ አንድ መልእክት ማለቁን የሚያውቀው ከ64 ያነሰ ፓኬት ሲያገኝ ነው። የላክኸው በትክክል 64 ወይም 128 ከሆነ ገና የሚቀጥል መስሎት ይዞት ሊቆይ ይችላል፤ በአንተ በኩል ማብቂያው መጥቷል፣ በፕሮግራሙ በኩል ግን ምንም አልታየም። መድኃኒቱ ባዶ ፓኬት ነው፤ የመጨረሻው ሙሉ ፓኬት ማብቂያ ሲመጣ ርዝመቱ 0 የሆነ ፓኬት ትልካለህ፤ ፍላጓን የምታወርዳትም የዚያ የባዶው ማብቂያ ሲመጣ ነው። ብዙ ልጆች ባዶውን ይልኩና ማብቂያውን ሳይጠብቁ ይቀጥላሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የማብቂያ ምልክት ክብሩ ትልቅ መሆኑን ማየት ከፈለግህ መሣሪያው ሲሰካ የሚሆነውን ተመልከት። ኮምፒውተሩ አዲስ የመጣውን ሁሉ በአድራሻ 0 ያናግረዋል፤ ከዚያ "አድራሻህ ይህ ነው" ይለዋል። በደንቡ መሠረት መሣሪያው አዲሱን አድራሻ የሚለብሰው የትእዛዙ ማረጋገጫ ባዶ ፓኬት ተልኮ አክ ከተገኘ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢለብሰው ማረጋገጫውን በአድራሻ 0 የሚጠብቀው ኮምፒውተር አያገኘውም፤ ዊንዶውስም "መሣሪያው አልታወቀም" ይልሃል። አንዳንድ ቺፕ ይህን በሃርድዌሩ ውስጥ ስለሚያስተካክል አድራሻውን ቀድመህ እንድትሰጠው ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ የየቺፑን መመሪያ አንብብ እንጂ ከወንድሙ አትገምት።

ያ የአማርኛ ኪቦርድ የሚሠራው ጓደኛህም ይህን ይስማ። ኪቦርድ በየጊዜው 8 ባይት ሪፖርት ይልካል፤ ቁልፍ ሲጫን አንድ፣ ሲለቀቅ ሌላ። ኮምፒውተሩ በየ10 ሚሊሰከንዱ ይጠይቃል እንበል። አንዱን የግእዝ ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ የሚያስፈልግ ከሆነ አራት ሪፖርት ነው። እሱ አራቱን በአንድ ትንፋሽ ከጻፈ የመጫኑ ሪፖርት ሳይወሰድ የመልቀቁ ይተካዋል፤ ፊደሉ ይጠፋል። የመልቀቁ ሪፖርት ከጠፋ ደግሞ ፊደሉ ያለ ማቋረጥ ይደጋገማል። ቁልፉ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ቁልፍ ከመግዛቱ በፊት ማብቂያውን ይጠብቅ።

ወደ ወፍጮው ልመለስ አልሁህ። ማብቂያው መጣ ማለት ምን ማለት ነው? እንደ ቺፑ ይለያያል። ኤንአርኤፍ52840 በሚባለው የኖርዲክ ቺፕ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አሉ። አንዱ ዲኤምኤው ባፈርህን አንብቦ ጨርሷል፣ ማስታወሻውን መልሰህ ልትጠቀምበት ትችላለህ ይላል፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በገመዱ ላይ አክ ብሏል ይላል። የመጀመሪያውን ሰምቶ "ደረሰ" የሚል ብዙ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን የሚነግርህ የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ሃርድዌር መቀበሉን ብቻ ነው። ድራይቨሩ ለፕሮግራሙ አቀብሎት እንደ ሆነ፣ ፕሮግራሙ በዲስክ ላይ ጽፎት እንደ ሆነ አይነግርህም። አክ ካለ በኋላ መብራት ቢጠፋ ያ ክብደት በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። በዚህ ተማምነህ ከሚዛኑ ላይ ብትሰርዘው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት በሚዛኑ ፍላሽ ማስታወሻ ላይ አስቀምጠህ በተራ ቁጥር ላክ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም መስመሩን በዲስክ ላይ ከጻፈ በኋላ ያንን ተራ ቁጥር ወደ ሚዛኑ መልሶ ይላከው። ሚዛኑ ከፍላሽ ማስታወሻው የሚሰርዘው ያ ቁጥር ሲመለስለት ብቻ ይሁን። ሳይመለስ ከቆየ ያንኑ ደግሞ ይላክ፤ ፕሮግራሙም የያዘውን ቁጥር ዳግም ካየ ይጣለው፣ መልሱን ግን ይስጥ። ዳታ 0 እና ዳታ 1 በገመዱ ላይ የሚሠሩትን አንተ በመዝገቡ ላይ ሠራኸው ማለት ነው። አንዱ ጆንያ ሁለቴ እንዳይመዘገብም ይጠብቅሃል፤ ማኅበሩም ቢሆን መበደል የለበትምና።

ስትፈትነው በሊኑክስ ላይ ዩኤስቢሞንን ከፍተህ በዋየርሻርክ ተመልከት። የምታየው ግን ድራይቨሩ የሚያውቀውን ብቻ መሆኑን አትርሳ፤ ናኮቹና ድጋሚዎቹ በኮምፒውተሩ ሃርድዌር ውስጥ ስለሚያልቁ እዚያ አይታዩም። በቺፑ በኩል አንዲት ፒን መድብ፤ ስትልክ ከፍ፣ ማብቂያው ሲመጣ ዝቅ አድርጋት፤ በኦሲሎስኮፕ ስታያት ስንት ጊዜ እንደምትጠብቅ በዓይንህ ታያለህ። 63፣ 64፣ 65 እና 128 ባይት ላክ። ፕሮግራሙን ሳትከፍት መዝን። እየመዘንህ ገመዱን ንቀል፣ መልሰህ ሰካ፤ ላፕቶፑን አስተኛው፣ አንቃው። ከዚያ በሚዛኑ ውስጥ ያለውን ቁጥርና በመዝገቡ ላይ ያለውን መስመር አንድ በአንድ አስተያይ። አንድ እንኳ ከጎደለ ሚዛኑ ከቤትህ አይውጣ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ በዚህ ነገር ላይ ግን መከራው የሚወድቀው በአንተ ሳይሆን አህያውን እየነዳ በመጣው ገበሬ ላይ ስለሆነ፣ እባክህ በምክር ተመለስ።

የዘንድሮው በርበሬ ገና አልተለቀመም፤ ጊዜ አለህ። የመላኪያውን ክፍል እንደ ገና ጻፈው፤ የሬጂስተሩን ነገርና የጊዜ ገደቡን ስትጨርስ ኮዱን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ና፤ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።